የንግሥቲቱ ቀማሽ

ከተማዪቱ በጠላት ከተከበበች አራተኛ ወሯ ነው። የገዛ ጦር አለቆቿ ንግሥቲቱን በመርዝ ገድለው በሩን ሊከፍቱ አስበዋል ተብሎ ይወራል። ስለዚህ ቀማሿ ለንግሥቲቱ በቀን አንዴ ብቻ የምትመጣውን የገብስ ቂጣ፣ ከዙፋኑ ፊት ተንበርክካ፣ ሞቷን እየጠበቀች ትቀምሳለች።

«ቀመስኩት፣ ንግሥት ሆይ። ደህና ነው።»

«ከወዲያኛውም ጎን ቅመሺ።»

«እርጉዝ ነኝ፣ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ እኮ! በሆዴ ስላለው ልጅ ብለው ይማሩኝ!»

«መሃሉንም። አላመንኩትም።»

ቀማሿ እንባዋን ከቂጣው ጋር ዋጠች። ነጋ ጠባ እንደዚሁ ነው፤ ንግሥቲቱ በዓይነ ርግቧና በወፍራም ካባዋ ተሸፍና ጣቷን እየቀሰረች እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ታስቀምሳታለች። የት እንደሆነ አይታወቅ እንጂ የደበቀችው ስንቅማ አላት፤ ለራሷ ነፍስ ስትሳሳ የሰውን ልጅ በእናቱ ሆድ ልታስገድል! «እግዜር ይይልሽ» አለች ቀማሿ በልቧ።

ያን ቀን ንግሥቲቱ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳትና ከዙፋኑ ደረጃ ላይ ተንከባለለች። ቀማሿ እርግማኗን ረስታ ዘላ አፈፍ አደረገቻት። ክንዷ ላይ የከበዳት ካባው ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ቆዳ የለበሰ አጥንት ነው ያገኘችው።

ንግሥቲቱ ዓይኗን በጭንቅ ገለጠች።

«ጨረስሽው?» አለቻት።