የአስራ ሁለተኛው ሰው ክኒን

«ቀና በይ፣ ጥላ ጣለብሽ» ይላል ወንድሟ በሹክሹክታ፤ መብራት ይዞ ከላፕቶፑ ጀርባ ተንበርክኳል። ኢንተርኔቱ የማይቆራረጠው እሱ ፀጉር ቤት ብቻ ስለሆነ የሥራ ቃለ መጠይቋም እዚሁ ነው፤ ከፊቷም ከኋላዋም መስታወት። በሩ ላይ «ዝግ ነው» ብሎ ለጥፏል።

እሷ ግን ጥላው ጉዳይዋም አይደል። ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ በከፈተችው፣ ከጠያቂዎቿ ጥናት ባገኘችው የአንጎል ምስል ላይ ተተክሏል። ከስክሪኑ ማዶ የሚጠይቋት ፕሮፌሰር «አንድ ደቂቃ፣ ባልደረባዬን ልጥራ» ብለው ተነስተዋል። እንዳይሰሟት የራሷን ድምፅ ትዘጋለች።

«ጋሼ፣ ና እይ እስቲ!»

«ምኑን ልይ? ለኔ የተገመሰ ጥቅል ጎመን ነው።»

«ይቺን ነጭ ነጥብ። የቫይታሚን ክኒን ናት። የሚመረመረው ሰው የአንጎል ማንሻው ማሽን ውስጥ ሳይገባ ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ በፕላስተር ይለጥፉለታል፤ በኋላ ምስሉ ላይ ቀኝና ግራው እንዳይምታታ።»

«እሺ?»

«እስከ አስራ አንደኛው ሰው ቀኝ ናት። ከአስራ ሁለተኛው ጀምሮ ግራ ሄደች። ምስሉ ተገልብጧል ጋሼ፣ ልክ እንደ መስታወት! ማንም አላየውም!»

«እኔ ሃያ ዓመት በመስታወት እያየሁ ስላጭ የማንንም ግራና ቀኝ ጆሮ አላምታታሁም። እነዚህ ያን ሁሉ ተምረው?»

ሳቋ ያመልጣታል። ግን ፕሮፌሰሯን ስመ ጥር ያደረጋቸው ይኸው ጥናት ነው፤ የመርሳት በሽታ ሲጀምር ቀድሞ የሚሳሳው የአንጎል ግራ ጎን ነው ያሉበት። ሥራውም እሱን መቀጠል ነው። ዶክትሬቷን ከያዘች ወዲህ እንዲህ ያለ የምርምር ቦታ ፍለጋ ሃያ ሦስት ማመልከቻ ልካለች። ሃያ ሁለቱን ውሃ በላቸው። የጠሯት እነዚህ ብቻ ናቸው።

«በይ ዋጥ አርጊያት» ይላል ወንድሟ። «ሰው ቤት ገና በእግርሽ ሳትገቢ ጣሪያችሁ ያፈሳል ትያለሽ?»

«ካፈሰሰስ?»

«ካፈሰሰ... ከገባሽ በኋላ ባልዲ ታቀርቢያለሽ!»

እሷን የሚበላት ሌላ ነው። የተገለበጠው ምስል ቢስተካከልስ? ግራው ቀኝ ይሆናል? ወይስ ግኝቱ ጭራሽ እንደ ጉም ይበናል? ከጥናቱ ለሕዝብ የለቀቁት የሃያ ሰው ምስል ብቻ ነው፤ የቀረው መቶ ሰማንያ እነሱ ጋ ነው ያለው። ሳትጠይቅ መቼም አታውቀውም።

ፕሮፌሰሯ አንድ ጎልማሳ አስከትለው ይመለሳሉ። ድምፁን ትከፍታለች።

«ይቅርታ፣ አስጠበቅንሽ። እኛ በበኩላችን ወደንሻል። አንቺስ፣ ስለ ጥናታችን የምትጠይቂን አለ?»

ወንድሟ ብድግ ይልና ጣቱን ከንፈሩ ላይ ይተክላል። አልበቃው ብሎ መብራቱን ያወዛውዛል፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ይደንሳል።

ፕሮፌሰሯ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ካሜራው ጠጋ ይላሉ። ከዚያ ፈገግ።

«ከኋላሽ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ሰውዬ... ምኑን እንዳትነግሪን ነው?»

ወንድሟ መብራቱን እንደያዘ ድርቅ። የእሷ ጣት ምስሉን ለእነሱ የምታሳይበት ቁልፍ ላይ ነው፤ ነጯ ነጥብ በግራ በኩል ቁልጭ ብላለች።

እናንተ ብትሆኑ ትጫኑታላችሁ?