ኳሷን ተዋት

አሰልጣኝ ጥላዬ ሜዳ ላይ እንባ አይወዱም። አምና አንድ አጥቂ ዋንጫ አጥቶ ቢያለቅስ፣ «ወንድ ልጅ በሰው ፊት አይነፋረቅም!» ብለው ለሁለት ጨዋታ ከቋሚ አሰላለፍ አውጥተውታል።

ስለዚህ ይርዳው የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ቡድኑ ሲሸነፍ፣ እንባውን ለመደበቅ ማሊያውን ወደ ፊቱ ሳበ። የደጋፊውን ስድብ ጠበቀ። ከጥላ ፎቅ በኩል ግን አንድም ድምፅ አልመጣም። አሰልጣኙ ሜዳ ገብተው ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

«አልቅስ ልጄ» አሉት። «ይውጣልህ።»

ይርዳው ይበልጥ ፈራ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ኳሷ ከእግሬ…»

«ኳሷን ተዋት።»

መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሁልጊዜ የሚያላግጥበት ግብ ጠባቂ በርከክ ብሎ ጫማውን ፈታለት። ስልኩን ሲጠይቅ ቡድን መሪው «ቆይ፣ በኋላ ትወስዳለህ» አለው። ሊያባርሩኝ ነው ብሎ አሰበ።

አውቶቡሱ ወደ ካምፑ የሚወስደውን መንገድ አልፎ ወደ እነ ይርዳው ሰፈር ታጠፈ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለ። አሰልጣኙ ከፊት ወንበር ተነስተው አጠገቡ ተቀመጡና እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

ከቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ አውቶቡሱን ሲያዩ ጩኸታቸውን አቀለጡት። አባቱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እናቱ አጠገባቸው የለችም።