መልስ ያልጠበቀው ጥያቄ

የብርጓል በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የመጣውን ጥያቄ ፊደል በፊደል አንብባ ሳትጨርስ ከሥሩ ሌላ መስመር ዱብ ይላል። «ተቃውሞ አለ? ካለ አ፣ ከሌለ የ» ይላል ጥቁሩ ስክሪን። ወዲያው ደግሞ፣ «ተቃውሞ የለም»።

«ማነው የለም ያለው?»

የመሬት ምዝገባውን ፕሮግራም ራሷ የጻፈችው ወጣቷ ባለሙያ ወንጌላዊት ቀና ትላለች። «ዝም አሉ እኮ፣ እናቴ። ዝም ሲሉ ያልፋል።»

«ለመናገር መች ጊዜ ሰጠኝ?»

ከየብርጓል ጎን የተቀመጠው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሙላት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ወንድሙ የተወላትን ማሳ ወደ ስሙ ሊያዞር በጠዋት ከሉማሜ የመጣው እሱ ነው። «እታለም፣ ማሽን ምን ወገን አለው? ተመዘገበ፣ በቃ።»

ወገን የሌለው ደግሞ የት ይገኛል? የብርጓል ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሻይ ታየዋለች። ያስመጣላት ሙላት ነው። ስትገባም ሁለቱ ይሳሳቁ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እንደገና አስጠይቂው። የማሳውን ቁጥር ጽፈሽ ስትጨርሺ ግን ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ።»

«ሌባ አደረጉኝ እኮ!»

«ሌባ ላልሆነ ሰው እጅ ማንሳት ምን ይከብደዋል?»

ወንጌላዊት የማሳውን ቁጥር ትጽፋለች፤ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጭና እጆቿን ታነሳለች። ጥያቄው ይመጣል። ማንም ሳይነካው፣ «ተቃውሞ የለም»።

የብርጓል ታማትባለች። ልጅቷ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀርታለች።

«ቁልፉ ነው» ትላለች ለራሷ እንደምታወራ። «ፕሮግራሙ ቁጥሩን ብቻ ወሰደና የተጫንኩትን የማስገቢያ ቁልፍ በር ላይ ጥሎት ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እሱን አንስቶ መልስ አደረገው። አ ያልሆነ ሁሉ የለም ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት።»

«እኔን ብቻ ነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረበት ከመስከረም ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም።» የልጅቷ ድምፅ ይሰበራል። «አገሩ ታረቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል።

ወንጌላዊት ፕሮግራሙ ላይ፣ ከጥያቄው በፊት የተረፈውን ቁልፍ የሚጠርግ አንድ መስመር ትጨምራለች። ሙላት ብድግ ይላል። «መኪና ያመልጠኛል፤ ሌላ ቀን ይሁን።»

«ተቀመጥ» ትለዋለች የብርጓል፣ ሳትዞር።

ቁጥሩ ይጻፋል፤ ጥያቄው ይመጣል። «ተቃውሞ አለ?» ከአጠገቡ ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም አይከተልም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ አፏን እስክትከፍት የጠበቃት ነገር ይኸ ብቻ ነው። የብርጓል ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አትቸኩልም።