ጉልበቷ እስኪጠና

ወንድሜ መክብብ በመኪና አደጋ የሞተው እናታችን የጉልበት ቀዶ ሕክምና በተደረገላት ማግስት ነው። ሐኪሞቹ ከመገጣጠሚያዋ የተበላውን ግማሽ ብቻ አውጥተው በብረት ተክተውላት ነበር።

ቀብረነው ስንመለስ የእድራችን ሽማግሌዎች መርዶው እንዲዘገይ ወሰኑ። "የልጇን ሞት የሰማች እናት ራሷን መሬት ላይ ትጥላለች" አሉን። "ያን ጉልበት ዳግም የሚጠግነው የለም። እስኪጠና ዝም በሉ።"

ዝም አልን። መክብብ ለሥራ ጋምቤላ ሄዷል፣ ስልክ አይሠራለትም አልናት። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወችው። እኔም መዋሸቱ ስለቀረልኝ እፎይ አልኩ።

አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ቤታችን እየመጣች ታለማምዳታለች። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። በተሻላት ቁጥር የመርዶው ቀን ስለሚቀርብብኝ እኔ አዘገያታለሁ።

"ቀስ በይ እማዬ፣ ማን አጣደፈሽ?"

"ተይኝ እስቲ አንቺ ደግሞ። ሽባ ሆኜ እንድቀርልሽ ነው?"

አንድ ጠዋት ያለ ክራንች ሳሎኑን ዞራ መጣች። ፊዚዮቴራፒስቷ አጨበጨበችላት።

"እማማ፣ ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግዎትም።"

እናቴ ግን አልተቀመጠችም።

"ልጄ፣ አሁን መሬት ላይ ብወድቅ ይሰበራል?"

"ኧረ አሁንማ ጠንክሯል። ግን ለምን ይወድቃሉ?"

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ እኔ ዞረች።

"በይ፣ ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው" አለችኝ። "መርዶዬን ይንገሩኝ።"