ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው በሶብላ

ሰው ዕፅዋትን በእጁ እንዳይነካ ከተከለከለ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ወይዘሮ አስካለችና ባለቤታቸው አቶ ደምመላሽ ጡረታ እንደወጡ ለዕረፍት ወደ አንዲት ሞቃታማ ደሴት ሄደው፣ የዕፅዋት ማዕከሏን እየጎበኙ ነበር። በመስታወት የታጠሩትን ዘንባባዎች አልፈው አንዲት ትንሽ ተክል ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ አስካለች ቀጥ አሉ።

«ደምሜ፣ በሶብላ አይደለችም?»

«እሷው ናት!» አሉ አቶ ደምመላሽ። እቤት ሽሮአቸው የሚቀመመው «ጣዕም ሰባት» ከሚባል ብልቃጥ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ ነበር።

ሮዚታ የምትባል ወጣት ጥበቃ የመስታወቱን መስኮት ከፍታ ተክሏን በረጅም ቱቦ ታጠጣ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ ብለው «ውደቅ!» አሏቸው።

አቶ ደምመላሽ ልባቸውን ይዘው ዘፍ አሉ። ሮዚታ ቱቦዋን ጥላ ወደ እሳቸው ስትሮጥ፣ ወይዘሮ አስካለች እጃቸውን በመስኮቱ ሰደው አንዲት ቅጠል ቀነጠሱና በጣታቸው አሹ።

አቶ ደምመላሽ ላይ አጎንብሳ የነበረችው ሮዚታ ድንገት ቀና ብላ አየሩን አሸተተች።

«እማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ከተያዙ ዕድሜ ልካቸውን የትኛውም የዕፅዋት ማዕከል አይገቡም። እየፈሩ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሮዚታ ግን አፍንጫዋን እጃቸው ላይ ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«አምስት ዓመት ሳጠጣት» አለች፣ «ሽታ እንዳላት የነገረኝ የለም።»

ከዚያ ግራ ቀኝ አይታ ቁልፎቿን ከኪሷ አወጣች።

«እዚያ ማዶ ጤና አዳም የሚባል አለ» አለች በሹክሹክታ። «እሱስ ይሸታል?»