ሦስት እጅ ኖራ

ቀለም ቀቢው ሹክሪ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ ደግሞ አንኳኳ።

«መስኮቱ ሥር ማነው ሦስት እጅ ኖራ የቀባው?» አለ።

ወይዘሮ በለጠች ከደጃፏ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ቤቱ አሮጌ ነው» አለችው።

«ሌላው ቦታ አንድ እጅ ነው። እዚህ ጋ ብቻ ነው ሦስት። ምን ነክቶት ነው እናቴ?»

«ዝናብ።»

ሹክሪ ቀና ብሎ የጣራውን ክፈፍ አየ። ክፈፉ ክንድ ተኩል ያህል ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ዝናብ መስኮቱ ሥር የሚደርስበት መንገድ የለውም። አየና ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። በለጠችን ያላማራት ይኸው አተያዩ ነበር።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ፊቱ እንዲቀባ ቀበሌው ካዘዘ ወር አልፎታል። ጎረቤቱ ሁሉ ቀብቶ ጨርሷል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ቀቢ አጥታ አይደለም፤ የመጡትን ሁለቱን መልሳቸዋለች። አንደኛው ወሬ በዛበት። ሌላውን ደግሞ በመስኮት ወደ ውስጥ ሲያጮልቅ ያዘችው። ሹክሪን ያመጣችላት ጎረቤቷ ኻድራ ናት። «የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼው መልካ ጀብዱ ሄጄ መጣሁ፤ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችብኝም» ብላ ምላለታለች። በለጠች ግን የፈራችው ሌባ አልነበረም። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት የቀባው ይኸው ሰው መሆኑን ዛሬ ጠዋት ስትሰማ እሱንም ልትመልሰው አስባ ነበር።

ሹክሪ ከሻንጣው መፋቂያ ስፓቱላ አወጣ።

«አትፋቅ» አለችው። «እንዲያው በላዩ ላይ ቅባው።»

«ወላሂ አይሆንም። ኖራው ተነስቷል። በላዩ ብቀባው በዓሉ ሳይደርስ ይረግፍና ሹክሪ ነው የቀባው እባላለሁ።»

«ቤቱ የእኔ ነው። አትፋቅ አልኩህ!»

«አቦ፣ ሰው ሁሉ በደንብ አልፋቅክም ብሎ ይጨቀጭቀኛል። አንቺ ደግሞ አትፋቅ ትያለሽ።» እንደ ድሬ ልጅ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል አንተ፣ አንቺ ነው። «ምን አለ እዚህ ሥር?»

ጥያቄው እንደ ዋዛ ነው የወጣው። በለጠች ግን እንደ ዋዛ የሚጠይቁ ሰዎችን ታውቃለች። በስድሳ ዘጠኝ ክፍሉ የሚባለውን ልጇን ሊወስዱት የመጡትም «ውሃ ስጪን እናቴ» ብለው ነው የገቡት። ቀድታ ሰጥታቸዋለች።

«ተወው፣ ሂድልኝ» አለችና ተነሳች። «ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እሺ እሄዳለሁ። ግን እንዳልዋሸሁሽ እይ» አለና የስፓቱላውን ጫፍ ኖራው ሥር ሰካ አደረገ። ገና ሳይገፋው ሰሃን የሚያህል ቁራጭ ተገምሶ መሬት ላይ ተከሰከሰ።

ከሥሩ ቀይ ፊደላት ወጡ። ሁለት ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።

ክፍሉ ሊወሰድ ሰሞን አንድ ሌሊት የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ የተቃውሞ መፈክር ሲጽፍበት አድሮ ነበር። የራሱን ቤት ቢዘል እንደሚጠረጠር አስቦ የቤታቸውም ግድግዳ ላይ ጻፈበት። አባቱ ከምድር ባቡር የሌሊት ሥራ ሲመለስ አየው፤ ጎህ ሳይቀድም ሦስት ጊዜ ኖራ ደራረበበት። አባትየውም ይኸው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሹክሪ ፊደላቱን አየ፤ በለጠችን አየ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሰው ድምፅ መጣ።

«ጓድ ሹክሪ! እስካሁን አልጀመርክም?»

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ እነሱ ይሻገራል። አሁን ይነግረዋል አለች በለጠች በልቧ። ሹክሪ ግን ዞር ብሎ ጀርባውን ፊደላቱ ላይ ለጠፈና እጁን አጣጠፈ።

«ሙቀቱን አታይም? ትንሽ ልረፍ እንጂ አቦ።»

«ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሊያይ ይዞራል። ይቺ ሴትዮ ብቻ ናት የቀረችው።» ጠባቂው መሬቱን አየ። «ምንድነው የወደቀው?»

«የበሰበሰ ኖራ። እስከ ቅዳሜ ያልቃል፣ ሂድ አንተ።»

ጠባቂው በለጠችን ከእግር እስከ ራሷ አያት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጠባቂው ቁራጩን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገውና መንገዱን ቀጠለ። ሹክሪ ሰውየው ማዕዘኑን እስኪታጠፍ አልተነቃነቀም። ከግድግዳው ሲላቀቅ የሸሚዙ ጀርባ ነጭ ሆኗል።

«የቀበሌውን ቢሮ የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ በዝግታ። «እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ያየሁትንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

በለጠች ዞራ ፊደላቱን አየች።

«የጻፈው ያንቺ ልጅ ነው?»

በጭንቅላቷ አዎ አለችው።

«ልፋቀው ወይስ ልሸፍነው?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ ግድግዳ በገዛ ራሱ ተፍቆ ቢጠፋ ስትመኝ ኖራለች። አሁን ግን ክፍሉን የወሰዱት ሰዎች ደብተሮቹንም አንድ ሳያስቀሩ እንደወሰዱ ትዝ አላት። በእጁ የጻፈው ሌላ ምንም የላትም።

«ሸፍነው» አለች። «እንዳይረግፍ አድርገህ።»

«ኖራው ጨው ከገባበት አይረግፍም። ጨው ከኻድራ ልጠይቅ» አለና መሰላሉን ጎትቶ በመንገዱ በኩል እንደ ከለላ አቆመው፤ የሚነጠፍ ሸራውንም ከላይ ጣል አደረገበት።

በለጠች ከሸራው ጀርባ ገባችና ግማሹን ፊደል በአውራ ጣቷ ነካችው። ግድግዳው ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቃል። የኻድራ ደጅ ከዚያ አሥር እርምጃ አይሞላም። ሹክሪ ግን ሆን ብሎ ቆየላት።