አርባ ግመል የሚያቆም ወሬ

ባሕሩ የጨው ሜዳውን ከዋጠው ወዲህ፣ ሞሚና በአባቷ የግመል መንገድ የምትመላለሰው በሸራ ጀልባ ነው። ዛሬም ከባሏ ከሐንፈሬ ጋር ባዶ ጀሪካን ጭነው፣ ዳር ዳሩን ወደ ውሃ ጉድጓዱ ሲጓዙ አንድ ጀልባ ከፊት መጣ።

«ሸራውን አውርድ፤ ዳጉ፣ የመንገዱን ወሬ፣ እንጠይቅ» አለችው።

«ነፋሱ ሊያመልጠን ነው! እጃችንን አውለብልበን እንለፍ።»

«አባቴ ለአንድ መንገደኛ ወሬ አርባ ግመል ያቆም ነበር» ብላ ራሷ አወረደችው።

ባለጀልባው ሽማግሌ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተው፣ ስለ ተወለደው አውርቶ ሲያበቃ፣ «ጉድጓዱም ትናንት ጨው ሆኗል» አላቸው። «የሚጠጣ ውሃ ያለው ሁለት ቀን ወደ ሰሜን ነው።»

ሞሚና ጀልባዋን ወደ ሰሜን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ፣ ባዶ ጀሪካን የጫነ ጀልባ ወደ ጉድጓዱ ሲገሰግስ አገኙ። ነፋሱ ገና መበርታቱ ነበር፤ ሐንፈሬ ግን ማንም ሳያዘው ሸራውን አወረደ።